በሰው ስም የተነሳ ፎቶ

«ስሙ አይሰረዝም፤» አለ ከበሩ ወዲያ ያለው ሰው። «ዝርዝሩ ደሴ ደርሷል። ንጉሡ አሻግሬ ተብሎ ሄዷል፤ ንጉሡ አሻግሬ ተብሎ ይዘምታል። የምንቀይረው ሰውየውን ነው።»

አልታዬ ድምፁን ለየችው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሞላ ነው፤ ንጉሡ ደግሞ የእህቱ ልጅ። እሷ ያለችው በጋሼ አጥናፉ ፎቶ ቤት ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ፊልም የሚታጠብበትን ሳህን እያለቀለቀች። ጓዳውን ከፊተኛው ክፍል የሚለየው ብርድ ልብስ የተመታበት ስስ የሳንቃ በር ብቻ ስለሆነ ወዲያ የተነገረው ሁሉ ወዲህ ይሰማል። ጋሼ አጥናፉ ለዕለቱ ሥራ ነጭ አንሶላ ሊዋስ ወጥቶ ስለነበር ሰዎቹ ቤቱ ባዶ መስሏቸዋል። እጇን ከውሃው ሳታወጣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«በማን እንቀይረው?» አለ አብሮት ያለው ጥበቃ።

«በመሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ልጅ። ቅዳሜ ከገበያ ካፈሳችኋቸው አንዱ ነው፤ ተረፈ የሚሉት። ዕድሜውም ቁመቱም ይሆናል። መታወቂያው ላይ የሱ መልክ ይለጠፋል፣ ከሥሩ የንጉሡ ስም ይጻፋል፣ አለቀ። ንጉሡ ከላላ አገር አያቱ ዘንድ ከርሞ ነገሩ ሲበርድ ይመጣል።»

«ቢሞትስ?»

«ቢሞት መርዶው ለእህቴ ይመጣል። እህቴ ደግሞ ልጇ ደኅና ነው፤ አታለቅስም።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሞላ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገና ይህ ዓይነ ስውር የት ሄደ፣ አይፋ መኪናው ከቀትር በኋላ ይነሳል፣ ፎቶው ቶሎ ይድረስ ብለህ ንገረው አለ። የጫማቸው ድምፅ በረንዳውን ወረደ። አልታዬ ሳህኑን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ወዲያው ደግሞ ያልጠረገች ይመስል እንደገና ጠረገች። ተረፈ ወንድሟ ነው። ካንድ እናት ካንድ አባት፣ እናቷ ያላት አንድ ወንድ ልጅ።

ጋሼ አጥናፉ ዓይነ ስውር አልነበረም፤ ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ እየጋረዳቸው እንጂ። ሰው ከፊቱ ሲቆም ቅርጹን ያያል፣ ፊቱን ግን አይለይም። በመካነ ሰላም ፎቶ ቤት የከፈተ እሱ ነው፤ የከተማው ሙሽራ ሁሉ፣ የመምህሩ ሁሉ፣ የሟቹ ሁሉ ፎቶ በእጁ አልፏል። ዓይኑ ሲከዳው አልታዬን ለመጥረግና ለማስተናገድ ቀጥሮ ቆየና አንድ ቀን ካሜራውን በአንገቷ አንጠለጠለላት። «እንግዲህ ዓይን አንቺ፣ እጅ እኔ፤» አላት። ከዚያ ወዲህ የምታነሳው እሷ ናት፤ ፊልሙን በጨለማ አውጥቶ የሚያጥበው እሱ ነው። መድኃኒቱን ሲበጠብጥ ሙቀቱን በክንዱ ቆዳ ይለካል፤ ፊልሙ ሲበቃው ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ማስተማሩ ግን እንደ ድጓ ቤት ነበር፤ ቁጣ የበዛበት። አልታዬ የምታየው ነገር ሌላ ነበር። አንድ ገበያ ቀን ጨው የምትሸጥ ሴት ከኋላዋ አነሳች፤ ትከሻዋ ላይ ያረፈውን ፀሐይና የጨዉን ንጣት ስላየች። ጋሼ አጥናፉ የታተመውን ወረቀት ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ሲያገላብጥ ቆየና፣ «ፊቷ የታለ?» አላት። «ፊቷን ያላገኘች ሴት ምኗን ልትገዛኝ ነው?» ሌላ ቀን የቅዳሴ ተመላሾች በጉም ውስጥ ሲወርዱ አነሳች፤ እጇ ተንቀጥቅጦ ነበርና ሁሉም እንደ ጭስ ተበትኖ ወጣ። ያን ጊዜ አልተቆጣም። «ማየቱ አለሽ፤» አላት ቀስ ብሎ። «ማየት ግን የእግዜር ስጦታ ነው፤ አትመኪበት። ያየሽው ነገር እጅሽ እስኪደርስበት ድረስ ያንቺ አይደለም።» ይህን ካላት ወዲህ ብርሃን መለካት፣ ርቀት መለካት፣ ትንፋሽ ይዞ መጫን፣ ባዶ ካሜራ ይዛ ስትለማመድ ትውላለች። አንድም ቀን ግን ያየችው ነገር ባየችው መልክ ወጥቶላት አያውቅም።

አንሶላውን ታቅፎ ሲመለስ የሰማችውን አልነገረችውም። «እቤት ደርሼ ልምጣ፤» ብቻ አለችው። «የታፈሱት ያሉበት ተማሪ ቤት እንገናኛለን።»

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነው። አባቷ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ደጅ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የቆሎ ተማሪዎቻቸው ወዲያ ማዶ ከዛፉ ሥር ይቀጽላሉ። ሌላ ጊዜ አንድ ተማሪ ዜማ ሲያበላሽ ከተቀመጡበት ሆነው ያርሙታል፤ ዛሬ ሲያበላሹ ዝም አሉ። ከውስጥ የእናቷ የበለጥሻቸው ድምፅ ይሰማል፤ ለልጇ ስንቅ በሶ እየነፋች ከራሷ ጋር ታወራለች፤ ስኳሩ ውድ ሆነ፣ ጨው ብቻ ላድርግበት ይሆን፣ ጨው ደግሞ ያስጠማዋል፣ እዚያ አገር ውሃ ይኖር ይሆን ትላለች።

አልታዬ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና የሰማችውን ሁሉ በሹክሹክታ ነገረቻቸው። መሪጌታ ፊታቸውን አላዞሩም።

«አውቃለሁ፤» አሉ።

«ምኑን ነው የሚያውቁት፣ አባዬ?»

«ትናንት ጠርቶ ነግሮኛል። አንድ ቃል ከተናገርኩ እነዚህን ሁሉ እንደሚጭናቸው ነገረኝ።» በአገጫቸው ወደ ተማሪዎቹ አመለከቱ። «የሰው ልጆች ናቸው። ከማሻ የመጣ አለ፣ ከአጅባር የመጣ አለ። እናታቸው እኔን ብላ ነው የላከቻቸው። ምን ልበል? አንዱን ልጄን ብዬ ሁሉን ላስበላ?»

«በስሙ እንኳ አይሄድም እኮ! ቢሞት ማን ሊነግረን ነው?»

«እግዚአብሔር በክርስትና ስሙ ያውቀዋል፤» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ራሳቸውንም አላሳመናቸውም። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤» አሏት። «እሷ መጮህ ነው የምታውቀው።»

አልታዬ የአባቷን እጅ አየች። ጉልበታቸው ላይ የተቀመጠው እጅ መዳፉ ወደ ላይ ተገልብጦ ነበር፤ ምጽዋት እንደሚለምን ሰው። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን እጅ ለማንሳት ካሜራ ባመጣሁ ትል ነበር። ዛሬ ያየችው ነገር አስጠላት። ተነሥታ ሄደች። መንገድ ላይ ነው ሐሳቡ የመጣላት። መታወቂያው ያለ ፎቶ አይሆንም። ፎቶው ከተበላሸ መታወቂያው አይሠራም፤ መታወቂያው ካልተሠራ ተረፈ ንጉሡ አይሆንም። ዛሬ ካልሆነ አይፋው ይሄዳል፤ ሌላ አይፋ እስኪመጣ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል፣ ቤተ ክህነት ይለምናል፣ አንድ ነገር ይሆናል።

የተማሪ ቤቱ ግቢ በሰው ተሞልቶ ነበር። የታፈሱት ልጆች አንዱ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው ቆይተው አሁን በሰልፍ ወጥተዋል። ወላጆች ከአጥሩ ውጭ ናቸው፤ ጥበቃው ጠመንጃውን አግድሞ ይመልሳቸዋል። ጋሼ አጥናፉ አንሶላውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከሥሩ በርጩማ አስቀምጧል። ፊልሙን ራሱ ካሜራው ውስጥ አስገብቶ ሰጣት፤ እንደ ሁልጊዜው ክዳኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ሁለት ጆሮ ይታይ፤» አላት። «ከዚያ ሌላ አልፈልግም፤ ዛሬ የሥነ ጥበብ ቀን አይደለም። እኔ ሄጄ መድኃኒቱን ላዘጋጅ።» በትሩን እየመታ ወጣ።

አንድ በአንድ ተቀመጡላት። ግማሾቹ ጢም እንኳ አላበቀሉም። ሁለት ጆሮ፣ ነጭ አንሶላ፣ ቀጥ ያለ አንገት። እጇ ያለ ስሕተት ሠራ፤ ብርሃኑን ሳትጠይቅ አወቀችው። ሁሉም ከማጠቢያው ጥርት ብለው እንደሚወጡ ገባት። የእነዚህንም ፎቶ ነው የምታጠፋው። የነዚህ እናቶች ውጭ ቆመዋል።

ተረፈ የመጨረሻው ነበር። ሲቀመጥ ካሜራውን እንጂ እሷን አላየም። አገጩን የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለችበት።

«በማን ስም እንደምትሄድ ታውቃለህ?»

«ነግረውኛል፤» አለ። «ንጉሡ ብለው ሲጠሩኝ አቤት ማለት ስለማመድ ነው ያደርኩት። ሁለቴ ረስቼ ዝም ብዬ በሰደፍ አቅምሰውኛል።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «እማዬን አትንገሪያት።»

ቁልፉን ተጫነች። ሁለት ጆሮ፣ ነጭ አንሶላ። ንጉሡ አሻግሬ።

በዚህ መሐል አጥሩ አካባቢ ግርግር ሆነ። በለጥሻቸው የበሶውን ከረጢት ደረቷ ላይ አቅፋ በጥበቃው ክንድ ሥር ሾልካ ገባች። ጥበቃው ሊከተላት ሲል ከኋላው ሌላም እናት ልትገባ ስትሞክር ወደዚያ ዞረ። በለጥሻቸው ልጇ ፊት ደረሰች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ልጇ ፎቶ ሊነሳ እንደተቀመጠ ብቻ አየች፤ ፊቱም ቆሻሻ ነበር። «ኧረ ውላሂ፣ እንዲህ ሆነህ ልትነሳ!» አለችና የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ጉንጩን ትጠርገው ጀመር። ተረፈ፣ ያ ጎረምሳ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን አቀናላት። የዚያን ጊዜ ነፋስ አንሶላውን ከግድግዳው ነፋው፤ ያረፈበትን ፀሐይ ሁሉ ወደ ሁለቱ ፊት መለሰው።

አልታዬ ይህን አየች። ስታየው ደግሞ እጇ አብሯት ነበር። የብርሃን ቀዳዳውን አጠበበች፣ ርቀቱን አስተካከለች፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄዳ ጥበቃውን ከጀርባቸው አስወጣች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ተጫነች። ገና ሳይታጠብ እንደመጣላት አወቀች። ከተማረች ጀምሮ ዓይኗና እጇ ባንድ ላይ የደረሱበት ይህ ብቻ ነው። ደስታ መጣባት፤ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት። በደስታው አፈረች። የፊልም መሳቢያውን ልትስበው ስትል አልሳብም አላት፤ ፊልሙ አልቋል።

ጥበቃው በለጥሻቸውን በክንዷ ይዞ እየጎተተ አወጣት። «ፎቶውን ለኔ ታመጪልኛለሽ!» ብላ ጮኸች ወደ አልታዬ። «ሰማሽ? ለኔ!»

ፎቶ ቤቱ ድረስ ጥበቃው ተከተላት፤ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ጋሼ አጥናፉ ፊተኛው ክፍል ውስጥ መድኃኒቱን በውሃ እየበጠበጠ ነበር። «ፊልሙን እኔ ላውጣው፣ እርስዎ ይጨርሱ፤» ብላው ጓዳ ገባች፤ በሩን ዘጋች፤ ጨለማው ሙሉ ሆነ። መቀሱ ከመደርደሪያው ላይ ነው። ያሰበችው ቀላል ነበር፤ መጨረሻ ያነሳችው ምስል አሁንም ከካሜራው ሌንስ ፊት ለፊት ነው ያለው። እሱን ብቻ ቆርጦ ማስቀረት፤ የቀረውን ሁሉ፣ ከዚያ አጠገብ ያለውንም የተረፈን ጉርድ ፎቶ ጨምሮ፣ ለብርሃን መስጠት።

የካሜራውን ክዳን ከፈተች። ፊልም እንደ ሽቦ ነው፤ ክዳኑ እንደተከፈተ በአውራ ጣት ካልተያዘ ይፈናጠራል። ጋሼ አጥናፉ ይህን ስንት ጊዜ እንደነገራት። እሷ ግን በጨለማ ከፍታ አታውቅም፤ ያ የሱ ሥራ ነበር። ፊልሙ እጇ ላይ ላላ፣ ተንሸራተተ። በጣቷ ብትዳስስ ሁሉም ቦታ አንድ ነው፣ ልሙጥ ነው። የት እንደነበረ ልታስታውስ ሞከረች፤ በጣቷ ስፋት ለካች፤ እንደገና ለካች፤ ልኩ ተለየባት። «አወጣሽው?» አለ ጋሼ አጥናፉ ከወዲያ። «እሺ፣ እሺ፤» አለችና ቆረጠች። ቁራጯን በጥቁር ወረቀት ጠቅልላ ቆርቆሮ ውስጥ ከደነችባት። ከዚያ ክብሪት ጫረች። ረጅሙ ፊልም በክብሪቱ ብርሃን ግራጫ ሆኖ ታያት፤ ብርሃኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈችበት። የልጆቹ ፊት አንድ በአንድ ትዝ አላት። ክብሪቱ ጣቷን አቃጥሎ ጠፋ።

ጋሼ አጥናፉ ገብቶ ሲያጥብ አጠገቡ ቆማ ነበር። ፊልሙን ከውሃው አውጥቶ በሩን ከፈተና ወደ ብርሃኑ አነሳው። በሱ ዓይን እንኳ ይታያል፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። ጫፉን በሁለት ጣቱ ዳሰሰ፤ ጣቱ እዚያ ላይ ቆየ። ወዲያው ጓድ ሞላ ገባ።

«የታለ?»

«ተበላሸ፤» አለ ጋሼ አጥናፉ። «መድኃኒቱ አሮጌ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሞላ ፊልሙን ነጥቆ አየው፤ ጥቁሩን አገላበጠው። ከዚያ ሽማግሌውን በጥፊ መታው። ጋሼ አጥናፉ ጥፊው ሲመጣ ስላላየው ፊቱን እንኳ አላሸሸም። አልታዬ «እኔ ነኝ!» ልትል አፏን ስትከፍት ክንዷን አጥብቆ ያዛት፤ አጥንቷ እስኪሰማት ድረስ።

«አብዮቱን ልታሰናክል ነው?» አለ ሞላ። ካሜራውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ለጥበቃው ሰጠው። «ይህ ተወርሷል። ነገ ጠዋት የቤቱን ቁልፍ ቀበሌ ታስረክባለህ።» አልታዬ ፊቱን ታየው ነበር፤ ሐሳብ ይዞት እንደሆነ፣ ነገሩ ተደናቅፎበት እንደሆነ። ምንም አላየችበትም። «ፎቶውን ደሴ ይነሳሉ፤» አለ ለጥበቃው፣ ሲወጡ። «ስማቸውን እየጠራህ ጫናቸው። ንጉሡ ስትል አቤት ያለው ንጉሡ ነው።»

አይፋው ሲነሳ ድምፁ ፎቶ ቤቱ ድረስ ተሰማ። ከዚያ የሴቶቹ ጩኸት ተከተለ፤ ከዚያ ጩኸቱም ከመንገዱ ጋር እየራቀ ሄደ። አልታዬ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጋሼ አጥናፉ የተመታ ጉንጩን ይዞ በርጩማው ላይ ነበር።

«ምን ቆረጥሽ?» አላት።

ነገረችው። ሁሉንም፤ ሞላን የሰማችበትን፣ የአባቷን፣ የእናቷን ነጠላ።

«እኔን ብትጠይቂኝ ኖሮ፣» አለ፣ «እኔ እቆርጥልሽ ነበር። በጨለማ ሲሆን እኔ አልሳሳትም።» ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህ ነው አልታዬን ያስለቀሳት። «አብሽሪ። አምጪያት፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ እንያት።»

ቁራጯን እሱ አጠባት። ስትደርቅ አልታዬ በመስኮቱ ቀዳዳ በሚገባው የመጨረሻ ፀሐይ ወረቀት ላይ አተመቻት። ምስሉ ከሳህኑ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ የነጠላው ጥለት፣ ከዚያ የእናቷ ግንባር፣ ዓይኗ። ከልቧ የምትሠራ ሴት ዓይን፤ ሌላ ምንም የማያይ። ጥርት ያለ ነበር። የሽፋሽፍቷ ጥላ ጉንጯ ላይ ይታያል፤ አንሶላው የመለሰው ብርሃን እንዳየችው ሆኖ አለ። ክንዷ ተዘርግቷል፣ የረጠበው የነጠላ ጫፍ በጣቶቿ መሐል ነው። ከጣቶቿ ቀጥሎ ቁርጡ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥቁር።

«እንዴት ነው?» አለ ጋሼ አጥናፉ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አላስጠጋም፤ ከሷ አፍ ነበር የፈለገው።

«ተረፈ የለበትም፤» አለችው።

ወደ ቤት ስትገባ መሽቶ ነበር። መሪጌታ በዚያው መደብ ላይ ናቸው፤ ተማሪዎቹ ተበትነዋል። እናቷ ኩራዙን ለኩሳ ጠረጴዛው አጠገብ ስትጠብቃት አገኘቻት፤ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። «አመጣሽልኝ?» አለች። አልታዬ ባታወጣው ይሻላት ነበር። ግን እናቷ እጇን ዘርግታ ነበርና ሰጠቻት።

በለጥሻቸው በዕድሜዋ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ወረቀቱን ወደ ኩራዙ አስጠጋች፤ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች እስክታውቅ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አደረገች፤ በክንዷ ላይ፣ በእጇ ላይ፣ በነጠላው ጫፍ ላይ ወሰደችው፤ እስከ ወረቀቱ ዳር አደረሰችው። ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። መልሳ ገለበጠችው።

«ይኸማ እኔ ነኝ፤» አለች። «እኔንማ ምን ታደርጊልኛለሽ፣ እኔ እዚሁ አለሁ። ልጄን ነበር ያልኩሽ።»

መሪጌታ ከውጭ ሰምተዋል፤ ሲነሡ የመደቡ አፈር ሲፈርስ ተሰማ፤ ወደ ውስጥ ግን አልገቡም። በለጥሻቸው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛችው።

«ሌላውን መቼ ታመጪልኛለሽ?» አለቻት።